በቀኝ በኩል የተቀመጠችው

ሰይፈዲን ዕድሜውን ሙሉ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ፣ ሚስቱ ዘይቱና ከኮልፌ ወጥታ የረገጠችው ሩቅ አገር ቢበዛ ወራቤ ነበር። እሱም ለአረፋ ነው፤ በዓመት አንዴ፣ ልጆቿን በግራ በቀኟ ጠቅጥቃ፣ ስኳርና ቡና በጉልበቷ ታቅፋ። ባሏ «አንድ ቀን እኔ ያየሁትን ሁሉ አሳይሻለሁ» የሚላት ከሰርጋቸው ማግስት ጀምሮ ስለሆነ፣ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ በአንድ ጆሮዋ አስገብታ በሌላው ታወጣዋለች። ሾፌር ከመንገድ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ የማይለው ነገር የለም።

ስለዚህ ሰይፈዲን «ከእንግዲህ ጭነት በቃኝ» ብሎ፣ ባለተሳቢውን መኪና ሸጦ፣ አንድ ያረጀ ላንድክሩዘር ግቢያቸው ውስጥ አስገብቶ ሲያቆም፣ ዘይቱና የእንግዳ መኪና መስሏት ሻሿን አስተካክላ ወጣች። መኪናው ውስጥ ከባሏ በቀር ማንም የለም።

«የማን ነው?» አለችው።

«ያንቺና የእኔ። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ዛምቢያ እንሄድበታለን።»

የኮልፌ ሰው ደግሞ ያለ ምክንያት መንገድ አይወጣም። ወይ ሊነግድ ነው፣ ወይ ሐጅ ነው፣ ወይ ሐኪም ፍለጋ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው። ጎረቤቷ ዙቤዳ እነዚህን ሁሉ በየተራ ጠየቀቻት፤ ዘይቱናም ለሁሉም «አይ» አለች። ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው የምትሄዱት ስትላት «ልናይ» አለች። ምኑን ስትላት ግን ይህን አላሰበችበትም ነበርና «ሳየው እነግርሻለሁ» ብላ ተገላገለች። ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው ልጃቸው ሰልዋ ብቻ ናት ምንም ሳትጠይቅ «ሂጂ እማዬ፤ ሱቁን እኔ እከፍተዋለሁ» ያለቻት።

ሱቁ የመጋረጃ ሱቅ ነው። ዘይቱና ኮልፌ ገበያ ውስጥ መጋረጃ ስትሸጥ ኖራለች፤ ለጉዞው ያደረገችው ትልቁ ዝግጅትም ለመኪናዋ መስኮቶች በሙሉ ቀይ አበባ ያለበት መጋረጃ መስፋት ነበር። ሰይፈዲን ሰው የሙሽራ መኪና ነው ይለናል ብሎ አጉረመረመ። እሷም ይበል አለችው።

እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ የሰይፈዲን ነበር። በዚያ መስመር ብዙ ባይሠራበትም የሾፌር ኩራት ለሁሉም መንገድ ይበቃል። ጋቢና ውስጥ የዘይቱና ሥራ ብርቱካን እየላጡ ማጉረስ ነው። ስለ መንዳት አንዲት ነገር ትንፍሽ ካለች፣ ለምሳሌ «ቀስ በል» ካለች፣ ሰይፈዲን ፊቱን እንኳ ሳያዞር መጋረጃ ስትሸጪ ጣልቃ ገብቼብሽ አውቃለሁ ወይ ይላታል። እውነቱን ነው፤ ገብቶባት አያውቅም። ስለዚህ ዝም ትላለች።

ሞያሌን ተሻግረው ኬንያ ሲገቡ ነው ዓለም የተገለበጠው። እዚያ መኪና የሚሄደው በመንገዱ ግራ ነው። የአገሩ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ አይቸገሩም፤ የእነሱዋ ላንድክሩዘር ግን እንደ አገራችን መኪና መሪዋ በግራ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ጥጉን ይዞ፣ ከሣሩ ጋር ተለጥፎ ይቀመጣል። መንገዱ ባዶ ሲሆን ይህ ምንም አይደል። ከፊት አንድ ባለተሳቢ ሲጋረጥ ግን ሰይፈዲን የሚታየው የመኪናው ጀርባ ብቻ ነው። ከማዶ የሚመጣውን የሚያየው በቀኝ በኩል የተቀመጠው ሰው ነው። በቀኝ በኩል የተቀመጠችው ደግሞ ዘይቱና ናት፤ ብርቱካኗን ይዛ።

ኢሲኦሎ የሚባለውን ከተማ እንዳለፉ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከፊታቸው ገባ። ሰይፈዲን ለማየት የመኪናዋን አፍንጫ ወጣ ሲያደርግ አንድ አውቶቡስ ክላክሱን እያስጮኸ መጣበትና ሾልኮ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ደገመው፤ አሁንም ለጥቂት ተረፉ። ሲሠልስ ዘይቱና ዓይኗን ጨፍና ሸሃዳዋን ያዘች። ከዚያ ሰይፈዲን ጥግ ይዞ አቆመና ላቡን ጠረገ።

«ከማዶ የሚመጣው ላንቺ ይታይሻል?» አላት።

«ቁልጭ ብሎ።»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ሰይፈዲን መኪናዋን አስነሳ። ከመነሳታቸው በፊት ግን ተስማሙ። ሁለት ቃል ብቻ፤ መንገዱ ሲከፈት «ግባ»፣ ካልተከፈተ «ቆይ»። ማብራሪያ የለ፣ ክርክር የለ። በመጀመሪያው ቀን፣ የሲሚንቶውን መኪና መልሰው ሲደርሱበት፣ ዘይቱና «ግባ» ያለችው በጭንቅ ነው። የእነሱም ከማዶ የሚመጡትም ሰዎች ነፍስ በአንዲት ቃሏ ላይ መንጠልጠሉ አስፈራት። ውላ ስታድር ግን ለመደችው። መስኮት በዓይኗ ለክታ ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረች ሴት ርቀት መገመት አያቅታትም። «ግባ» ስትል ሰይፈዲን ነዳጁን ረግጦ፣ እሱ ያላየውን መንገድ በእሷ አፍ አምኖ ይገባበታል። በትዳራቸው ዘመን እንዲህ ሰምቷት አያውቅም። ዘይቱና ይህን እያሰበች ብቻዋን ትስቃለች፤ ምን ያስቅሻል ሲላት ምንም ትለዋለች።

አንዴ ታንዛኒያ ላይ ተጣሉ። ኢሪንጋ አጠገብ አንድ ጨዋታ ወዳድ የመንገድ ፖሊስ አስቁሟቸው ከሁለታችሁ ማነው የሚነዳው ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰይፈዲን በተሰባበረች እንግሊዝኛው እኔ ነኝ እንጂ እሷማ ጭነት ናት ብሎ አሳቀው። የዘይቱና እንግሊዝኛ ብዙ ባይሆንም፣ እጁን ወደ እሷና ከኋላ ወዳለው ሻንጣ እያፈራረቀ ሲጠቁም ያየ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ጭነት ሆነች። ጭነት ደግሞ አይናገርም። ሽንኩርት የጫነ አሮጌ መኪና ከፊታቸው ገብቶ ሲያዘግም ሰይፈዲን «እ?» ይላል፤ ዝም። «ዘይቱ?» ይላል፤ ዝም። ሙሉ ቀን የሽንኩርቱን መኪና ጭስ ሲውጡ ዋሉ። ዳገት ላይ ሲደርሱ ብስክሌት ሳይቀር ቀደማቸው። አመሻሽ ላይ ሰይፈዲን ወርዶ ከመንገድ ዳር አንድ ዘለላ ሙዝ ገዛና በእሷ በኩል ዞሮ በመስኮት አቀበላት። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ሙዙ ግን ጥሩ ነበር። «ግባ» አለችው።

ማላዊ ውስጥ መንገዱ ከሐይቁ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ዘይቱና ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውሃው ውስጥ ቆመች፤ ትናንሽ ዓሦች እግሯን ሲነካኩት እንደ ልጅ ተፍለቀለቀች። ዓሣ እያደረቀች የምትሸጥ አንዲት ሴት በመኪናዋ መጋረጃ ላይ ዓይኗን ጥላ ነበርና ዘይቱና አንዱን ፈትታ ሰጠቻት። ሴትየዋም ውለታ አታውቅ እንዳትባል አንድ ቅርጫት የደረቀ ዓሣ አሸከመቻቸው፤ ሽታው ዛምቢያ ድረስ ሸኛቸው።

ዛምቢያ ላይ ትልቁ ፏፏቴ ዘንድ ደረሱ። እዚያ ዝናቡ ከታች ወደ ላይ ነው የሚዘንበው። የዘይቱና ሻሽ ከራሷ ጋር ተጣብቆ፣ ጫማዋ ውሃ ቋጥሮ፣ ሰይፈዲን በሰው ፊት እጇን ያዛት። ሰው እያየ እጇን ሲይዝ የመጀመሪያው ነው። እንዳትወድቂ ብዬ ነው አላት፤ እሷም እሺ አለች፤ ደስታዋ ግን ከፏፏቴው ድምፅ በላይ ነበር። ሰው ያለ ምክንያት ለምን እንደሚጓዝ የገባት እዚያ ነው። ዙቤዳ ብትጠይቃት ግን አሁንም በቃል አታስረዳትም።

ክረምቱ ሲቃረብ ወደ ቤት ተመለሱ። ሞያሌን እንደተሻገሩ መኪናዋ ወደ ቀኝ መስመር ገባችና ሰይፈዲን የሚቀድመውን ሁሉ ራሱ እያየ፣ ራሱ እየደረበ ይነዳ ጀመር። ዘይቱና «ግባ» ልትል አፏን ስትከፍት እሱ ገብቶ ጨርሷል። ሆዷ ባባ። ለዚህ ደግሞ ማን ያለቅሳል ብላ ብርቱካኗን መላጥ ቀጠለች።

የሚያስለቅሰው ከተመለሱ በኋላ መጣ።

አየር ጤና የነገሬ ጋራዥ አለ። ነገሬ ከሰይፈዲን በዕድሜ ብዙ የሚያንስ፣ መኪኖቹን ሁሉ ሲጠግንለት የኖረ፣ እጁ ወርቅ የሆነ መካኒክ ነው፤ ጠባዩ ደግሞ ከእጁ ይበልጣል። ትልቅ ሰው ሲመጣ ከመኪና ሥር ተኝቶ እንኳ ቢሆን ካልተነሳ ያመዋል። ከጋራዡ በር ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተዘርግቷል። ሾፌሩ፣ ደላላው፣ መኪናው የተበላሸበትና ከቤት የተባረረው ሁሉ እዚያ ተደርድሮ ወሬ ሲሰልቅ ይውላል። ሰይፈዲን ከተመለሰ ጀምሮ የአግዳሚው ንጉሥ እሱ ሆነ።

አንድ ቀን ቤት ረስቶት የሄደውን ስልክ ልታደርስለት ዘይቱና ወደ ጋራዡ ሄደች። ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ሆና የባሏን ድምፅ ሰማች።

«ሲሚንቶ የጫነ ባለተሳቢ ከፊቴ ተጋርጧል። ከማዶ ምን እንደሚመጣ አይታየኝም። ዝም ብዬ አየሩን አሸተትኩና ገባሁበት። ደረብኩት። አለፍኩት።»

አግዳሚው በሙሉ አጨበጨበ። ታንዛኒያም «ገባሁ» ነው፣ ማላዊም «ደረብኩ» ነው፣ ዛምቢያም «አለፍኩ» ነው። ያንን ሁሉ አገር ብቻውን የዞረው ነው የሚመስለው። አንዱ «ወይዘሮዋስ?» ብሎ ቢጠይቀው «እሷማ ተዝናናች» አለና ወደ ጀግንነቱ ተመለሰ። ዘይቱና ስልኩን ለነገሬ ሰጥታ ባሏ ሳያያት ሄደች። ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ ወደ ኮልፌ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ሻሿን ወደ ፊቷ ጎትታ። ጭነት መባሉ ይሻል ነበር፤ ጭነት ቢያንስ መኪናው ላይ አለ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሰይፈዲን ለሁለተኛ ጉዞ መሰናዳት ጀመረ፤ በኬንያ አድርጎ ዩጋንዳ፣ ከዚያ ሩዋንዳ። ዘይቱና ቂሟን ሁሉ ረስታ አዲስ የመጋረጃ ጨርቅ መረጠች። አንድ ምሽት እራት ላይ ግን ሰይፈዲን ጉሮሮውን ደጋግሞ ጠራረገ። በአግዳሚው ሞቅታ ተነድቶ ለነገሬ ቀጣዩ ጉዞ ያንተ ነው ብሎት ኖሯል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ነገሬ መካኒክ ነው፣ መኪናዋ ብትቆም ያስነሳታል፣ አንቺ ደግሞ እንግዲህ አይተሻል፣ እረፊ አላት።

«መንገዱን ማን ያይልሃል?» አለችው።

«ነገሬ ዓይን የለውም እንዴ?»

ዘይቱና ጉርሻዋን ዋጠች። ሰልዋ ይህን ስትሰማ ከዓለም ባንክ በርራ መጥታ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ንገሪው እንጂ ብላ ወጥራ ያዘቻት። ዘይቱና ግን አልተናገረችም። የምትፈልገው ያቺን በቀኝ በኩል ያለችውን ቦታ ነው፤ ግን በልመና ሳይሆን የእሷ መሆኗ ታውቆላት። ለምና የምታገኛት ከሆነ ተዝናናች የተባለችው እውነት ሊሆን ነው። ራሱ ካልገባው ይቅር አለች፤ ይቅር ማለቱ ግን እንቅልፍ አሳጣት።

በሚሄዱበት ጠዋት ነገሬ አጎንብሶ ተሰናበታትና፣ ገና ከአሁኑ አፍሮ፣ ቅር እንዳይልዎት እያለ ደጋገመላት። ዘይቱና በእሱ ላይ ቂም የላትም። ስለዚህ እውነቱን መከረችው፤ መንገዱ ሲከፈት ጮክ ብለህ እዘዘው፣ ትልቅ ሰው ነው ብለህ እንዳትፈራ አለችው። ነገሬ የቀለደችበት መስሎት ሳቀ።

«እኔ ጋሽ ሰይፉን? ማዘዝ?» አለ።

እነሱ ሄዱ፤ እሷ ሱቋን ከፈተች። ገበያተኛው አልሄድሽም እንዴ ሲላት መጋረጃውን ማን ይሽጥልኝ ትላለች። አንድ ጠዋት ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ፣ ከፊት አሸዋ የጫነ መኪና ሲያዘግም ሳታስበው «ግባ» የሚለው ቃል ከአፏ አመለጠ። ወጣቱ ሾፌር ደንግጦ ዞር አለና እናቴ፣ መንገዱ እኮ በእኔ በኩል ነው የሚታየው አላት። ከኋላ የተሳፈረው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከወረደች በኋላ ግን ወደ ጉዳይዋ ሳትሄድ ፌርማታው ላይ ቆማ ቀረች። እግሯ አየር ጤና ነው፣ ዓይኗ ገና ኬንያ ነው ያለው።

ሰይፈዲን ከሞያሌ ሲደውል ድምፁ የሙሽራ ነበር። በማግስቱ ሲደውል ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ቶሎ ዘጋ። ቀጥሎ የደወለው ነገሬ ነው፤ ደህና ነን፣ ጋሼ ትንሽ ደክመዋል አለና እሱም ዘጋ። ዘይቱና ስልኩን በእጇ እንደያዘች እልኋ ሁሉ ጠፋና ፍርሃት ተተካባት። ያቺ የመኪናዋ አፍንጫ ወጣ ስትል፣ ያ አውቶቡስ ሲመጣ በዓይኗ ላይ እየመጣ አላስቀምጥ አላት። ያ ረቢ፣ ወንበሩ ይቅርብኝ፣ ብቻ በሰላም መልስልኝ እያለች ዱዓ አደረገች።

ዩጋንዳ ይገባሉ በተባለበት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የላንድክሩዘሯ ድምፅ ከግቢው በር ላይ ተሰማ። ዘይቱና ሮጣ ወጣች። የመኪናዋ ግራ ጎን ተፍቋል፤ ከሥሯ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ተሰክቶባታል። ሁለቱም ግን ሙሉ አካላቸውን ይዘው ወረዱ። ሰይፈዲን አሰላሙ አለይኩም ብሎ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ ለዉዱእ ወደ ጓሮ ሄደ። የሆነውን የነገራት ነገሬ ነው።

ኢሲኦሎን እስኪያልፉ ሁሉ ደህና ነበር። የጭነት መኪናው ሲበዛ ግን ሰይፈዲን «እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ነገሬ «እንደፈቀዱ» ይላል። ፈቃድ አልጠየቅኩህም ብሎ ሲቆጣው «ጥሩ ይመስላል፣ ግን እርስዎ ያውቃሉ» ማለት ጀመረ። ይህ ሁሉ አክብሮት ተነግሮ እስኪያልቅ ጥሩ የነበረው መንገድ ጥሩነቱን ይጨርሳል። በመጨረሻ ሰይፈዲን እንደ ረዳትህ እዘዘኝ፣ ግባ በለኝ ብሎ ለመነው። ነገሬም በስመአብ ብሎ አማተበና፣ ከአባቱ አስበልጦ የሚያከብረውን ሰው እያዘዘ መሆኑን ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሞተሩ በሚውጠው ድምፅ «ይግቡ» አለ። ሰይፈዲን ምን አልክ ብሎ ጠየቀው። ነገሬም ደገመለት። ሲገቡ ከብት የጫነ መኪና ከማዶ ደረሰባቸው። ሰይፈዲን መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ የአንድ ገበሬ በቆሎ መሃል አሳረፋት። የበቆሎው ባለቤት ሲያያቸው ሳቁን መግታት አቃተውና ጎረቤቶቹን ጠርቶ ገፍቶ አወጣቸው። ከዚያ በኋላ የሰይፈዲን ወኔ ከዳው። ናይሮቢ እንኳ ሳይደርሱ ዞረው፣ ፍየል ከጫነ መኪና ኋላ እንደ ቀብር ሸኚ እያዘገሙ መጡ።

«ይሉኝታ ሊገድለን ነበር፣ እትዬ» አላት ነገሬ።

«አይዞህ፣ እኔም እሱን ማዘዝ የቻልኩት በስተርጅና ነው» አለችውና እስኪያማት ሳቀች። ስትስቅ እንባዋም አብሮ ወረደ፤ የምስጋና እንባ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰይፈዲን ዳቦውን እየቆረሰ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያለ አንቺ አልሆነልኝም፣ እኔና አንቺ ማክሰኞ መንገድ እንውጣ አላት። የዘይቱና ልብ ዘለለ። ስትጠብቀው የነበረው ይኸው ነው፤ እሺ ብትል አለቀ። ነገር ግን የአይሱዙው ጀርባ ትዝ አላት።

«ይህን ለማን ነው የምትነግረው?» አለችው።

«ላንቺ ነዋ።»

«እኔማ አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ንገር፤ አግዳሚው ላይ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት አይደል የደበቅከኝ?»

ሰይፈዲን ዳቦውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጋራዡ መሄድ ተወ፤ ከመስጊድ ሲመለስ እንኳ በሌላ በኩል ይዞራል። አግዳሚው ንጉሡን አጥቶ ተቸገረ። ማክሰኞም መጥታ አለፈች። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ አቧራ ስትጠጣ ዘይቱና አብዝቼበት ይሆን ብላ ተጨነቀች። ግትር እንደሆነ ታውቃለች፤ እምቢ ካለ መንገዱም ክብሩም ሊቀሩባት ነው። የፏፏቴው ዝናብ፣ የሐይቁ ዳር፣ ሁሉ በአንዲት ቃሏ ሊቀር። ቢሆንም ቃሏን አላጠፈችም። አንዴ ሳይከፈት «ግባ» ያለች ሴት ከዚያ በኋላ ማን ያምናታል?

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሰይፈዲን ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ መጣና ነይ አላት። መኪናዋን አስነስተው አየር ጤና ወረዱ። ጋራዡ በር ላይ አግዳሚው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዘይቱናን ሲያዩ ሰዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ነገሬም ከመኪና ሥር ወጣ። ሰይፈዲን ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥ አለ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋ።

«ያ የሲሚንቶ መኪና ያልኳችሁ» አለ፤ «አየር አሽትቼ አይደለም የገባሁበት። ዘይቱና ናት ግባ ያለችኝ። የታንዛኒያውም፣ የማላዊውም፣ የዛምቢያውም እንደዚያው ነው። እሷ ግባ ስትል እገባለሁ፣ ቆይ ስትል እቆያለሁ። ያለ እሷ ምን እንደሆንኩ ነገሬ ይንገራችሁ።»

ነገሬ አንገቱን ደፋ። የአግዳሚው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከመሃከላቸው ያደሳ የሚባል ሽማግሌ ሾፌር ነበር፤ እሱ ለመሳቅ ያህል ሳይሆን ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ ጠየቀው።

«ሰይፉ፣ ዓይንህ ሳያይ እንዴት አምነሃት ገባህ?»



«ምን ላድርግ፣ ለእኔ አይታየኝም ነበር» አለ ሰይፈዲን።

ማንም አልሳቀም። ዘይቱና ለዚህ ቀን ብላ ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበር፤ ስለ መዝናናት፣ ስለ ጭነት፣ እያንዳንዱ እንደ መርፌ የሚወጋ። አሁን ሁሉም ከአፏ ጠፋ። ባሏ በሚያከብሩት ሰዎች ሁሉ ፊት፣ በጁምዓ ልብሱ፣ እንደ ተማሪ ቆሞ ስታየው አሳዘናትም፣ አኮራትም፣ ወደደችውም። ሰይፈዲን ደግሞ የጀመረውን ለመጨረስ፣ በመጪው ሳምንት ዩጋንዳ ለመሄድ እንዳሰቡ ተናግሮ «ዘይቱና ካለች» ብሎ ጨመረበት። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«ኢንሻአላህ እንሄዳለን» አለች።

ያደሳ ጠጋ ጠጋ አለና በአግዳሚው መሃል ቦታ ለቀቀላት። ተቀመጠች። ሰዎቹ ምን እንደሚሉ ግራ ሲገባቸው፣ ታንዛኒያ ውስጥ መንገድ ስለዘጋባቸው ዝሆን ሰይፈዲን ነግሯቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አልነገራቸውም። ሰይፈዲን አሁን ይህ ምን ያደርጋል ብሎ ለማስቆም ሞከረ፤ ግን አግዳሚው እሱን መስማት ትቷል። ዘይቱና እጆቿን ዘርግታ የዝሆኑን ጆሮ ስፋት ለካችላቸው፤ ክላክስ የነፋው ማን እንደነበረ፣ ዝሆኑ ዞሮ ሲያይ ማን ወደ ኋላ ወንበር ዘሎ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደገባ ነገረቻቸው። ነገሬ እንኳ ይሉኝታውን ረስቶ በሳቅ ተንከተከተ። ሰይፈዲን መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ጫፍ ላይ ተሸጉጦ ተቀመጠና አገጩን በመዳፉ ደግፎ ይሰማት ጀመር። ዝሆኑ ወደ መኪናዋ አንድ እርምጃ የተራመደበት ላይ ስትደርስ ዘይቱና ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆም አለች።

ከሁሉም ቀድሞ «ከዚያስ?» ያላት ሰይፈዲን ነበር።